ክቡር ተቆጣጣሪውና የዶሮዎቼ መኖ

ሰፈር ሲቆረቆር መጀመሪያ የሚገባው መብራት አይደለም፤ ውኃም አይደለም፤ አዋቂ ነው። ገና የቤቱ መሠረት ሲቆፈር አፋፉ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ይኼ ጉድጓድ ጠቧል» የሚለው ሰው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ግድግዳው ይቆማል፣ ጣሪያው ይመታል፣ ሰዉ ዕቃውን ጭኖ ይገባል፤ እሱ እዚያው አለ። አንዱ ሰፈር የመኪና አዋቂ ይደርሰዋል፣ ሌላው የበሽታ፣ ሌላው የልጅ አስተዳደግ። የልጅ አስተዳደግ አዋቂው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ የለውም። ለእኛ ሰፈር የደረሰን የዶሮ መኖ አዋቂ ነው። ዕጣ ነውና ማንም አላጉረመረመም። ከእኔ በቀር ማለቴ ነው፤ አጥር የምጋራቸው እኔ ነኛ።

ክቡር ተቆጣጣሪው እንላቸዋለን። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። በመሃል ፌርማታ ዘው ብለው ገብተው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው «ትኬት!» ሲሉ ትኬት የያዘው ሰው ሁሉ ሳይቀር በድንጋጤ ኪሱን ይዳብስ ነበር ይባላል። የገዛ አማታቸውን ትኬት አልቆረጡም ብለው በዝናብ ከአውቶቡስ አስወርደዋቸዋል የሚል ወሬም አለ። አንድ ቀን ደፍሬ ስጠይቃቸው «አማትም ብትሆን ተሳፋሪ ናት» አሉኝ እንጂ አላስተባበሉም።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ መዳፋቸው ግን አልወጣም። ዛሬም አንድ ነገር ሊጠይቁ ሲፈልጉ ከቃላቸው በፊት መዳፋቸው ይደርሳል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የቀሩት ከዶሮዎቻቸው ጋር ስለሆነ፣ የቀድሞው ቁጥጥር በሙሉ ወደ ዶሮዎች ዞረ። ዶሮዎቹ የሚበሉት ኦርጋኒክ የተባለውን መኖ ብቻ ነው። ኬሚካል ያልነካው፣ ማዳበሪያ ያላየው፣ ዋጋውን ሲሰሙ ደግሞ ለዶሮ ነው ወይስ ለሙሽራ የሚያሰኝ።

እኔ ወደዚህ ዓለም የገባሁት በውርስ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ሶፋውን ሸጠ፣ አልጋውን ለእህቱ ሰጠ፣ የማይሸጡትንና የማይሰጡትን ዶሮዎች ለእኔ ተወልኝ። የጋዜጣ አራሚ ነኝ። ሥራዬ የሰው ስሕተት መልቀም ነው፤ ከትንሽ ነጠብጣብ አንሥቶ እስከ ተገላበጠ ፎቶግራፍ ከዐይኔ የሚያመልጥ የለም እያልኩ የምኩራራ ሰው መሆኔን እዚህ ላይ አስመዝግቡልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዶሮዎቹን በካርቶን ይዤ ስገባ ከመስፊያ መኪናዋ ቀና ሳትል «ማነው የሚያበላቸው?» አለች።

«እኔ።»

«አንተን ማን እንደሚያበላህ ረስተኸዋል ማለት ነው» ብላ መርገጧን ቀጠለች።

መኖ መሸጫው ውስጥ ሁለት ከረጢት ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንደኛው ሻጯ «ተራው» የምትለው ነው፤ ግራጫ ነው፤ አፉ በሲባጎ ተሰፍቷል፤ ምንም ሥዕል የለበትም። ሁለተኛው ኦርጋኒኩ ነው። እሱ ላይ በለምለም ሣር መካከል የቆመች አንዲት ዶሮ ተሥላለች፤ ከበስተኋላዋ ፀሐይ ትወጣለች፤ ፊቷ ላይ የሚታየውን ደስታ እኔ በዘመዶቼ ሠርግ ላይ እንኳ አይቼው አላውቅም። አንዴ ይኼኛውን አነሣሁ፣ አንዴ ያኛውን። ስለ ልጆቻችን ጤና አሰብኩ፤ ልጅ እንደሌለን አስታወስኩ፤ ስለ እኛ ጤና አሰብኩ። የኦርጋኒኩን ከረጢት ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አንብቤ አንድ የፊደል ግድፈት አገኘሁና ለሻጯ አሳየኋት።

«ጋሼ፣» አለች ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው እያየች «ዶሮዎቹ ያነባሉ እንዴ?»

ተራውን ገዛሁ። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ረዥምና መርህ ያለው ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ስስታም ነኝ፤ እቤት ውስጥ ስሙ ቁጠባ ይባላል።

ከረጢቱን ተሸክሜ አጥሩ ጋ ስደርስ «ቁም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆምኩ። ትኬት የሌለኝ መሰለኝ።

«ምንድን ነው ያሸከሙህ?» አሉ ክቡር ተቆጣጣሪው።

«መኖ ነው፣ ጋሼ።»

«መኖ መሆኑንማ አያለሁ። አውርደው እስቲ።»

አወረድኩት። የከረጢቱን ሲባጎ ስፈታ መዳፋቸው በአጥሩ ሽቦ በኩል መጣች። ከመኖው ቆንጠር አደረጉ፣ በጣታቸው መሃል አሹት፣ አሸተቱት፣ በመጨረሻም ምላሳቸው ላይ ጣል አድርገው እንትፍ አሉት።

«ይኼ መኖ አይደለም፤ የመኖ ሬሳ ነው።»

«እንቁላል ያስጥላል ተብያለሁ፣ ጋሼ።»

«መጣሉንማ ትጥላለች። ደስ ብሏት ግን አይደለም።»

«ደስ ይበላት አይበላት በምን ይታወቃል?»

ያን ጊዜ ነው ያቺን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት። ጣታቸውን ወደ ዶሮዎቼ ቀስረው «ዶሮዋን ጠይቃት!» አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክራችን ሁሉ የሚያልቀው በዚህች ቃል ነው። ሳይንስ ጠቅሼ ብመጣ «ዶሮዋን ጠይቃት!»፤ የሐኪም ምክር ይዤ ብመጣ «ሐኪሙ ዶሮ ነው? ዶሮዋን ጠይቃት!»።

አንድ እሑድ ጠዋት ከሸሚዛቸው ኪስ እንቁላል አውጥተው ወጥ ቤታችን ገቡ። ፍልሚያ ጠሩኝ ማለት ነው። ሁለት ነጭ ሳሕን አስቀረቡ። የእሳቸውን እንቁላል በአንዱ፣ የእኔን በሌላው ሰበሩ። እኔ የእንቁላሎቹን ቅርፊት በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ቅርፊቱን ወዲያ ጣለው! አስኳሉን እይ!»

ወዲያ ጣልኩት። ባለቤቴ እየተነጫነጨች ከመሬት ለቀመችው። ሁለታችን አስኳል ላይ እንዳፈጠጥን ነበርን።

«የእኔን እይ። ፀሐይ! የአንተን እይ። አምፖል!»

እውነት ነው፣ ልዩነት ነበረው። እኔ ግን የሳሕኑ ነው አልኩ። ሳሕኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው ሲሉኝ የብርሃኑ ነው አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱም እኔ፣ ሞኙም እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ታከታት መሰለኝ፣ ሁለቱንም ሳሕን አንድ መጥበሻ ላይ ገልብጣ በአንድ ላይ መታችውና አቀረበችልን። ሁለታችንም እየበላን የየራሳችንን ጣዕም አደነቅን።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ማታ ኦርጋኒክ እላለሁ፣ ጠዋት ተራ። እየቀላቀልኩ ሞከርኩ። አንድ ቀን ደግሞ ቃላቸውን ቃል በቃል ወስጄ ዶሮዋን ልጠይቃት ቆረጥኩ። ከእሳቸው ትንሽ ኦርጋኒክ ለምኜ ሁለት ጣሳ አዘጋጀሁ፤ በአንዱ ተራውን፣ በሌላው ያንን ሙሽራውን። ከዶሮዎቼ ሁሉ ብልህ የምትመስለኝን አመዳማዋን መሃል አስቀመጥኳት። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን የተባለው ለእሷ አይደለም። አንዱን ጣሳ በእግሯ ገለበጠች፣ ሌላው ላይ ወጥታ ቆመች፣ ከዚያም የጫማዬን ክር ትጎትት ጀመር። በዚያው ሳምንት ከአዲሱ ቴሌቪዥናችን ካርቶን የወጣውን ነጭ ስፖንጅ እንዳለ ፈጀችው። ይኼን ለክቡርነታቸው አልነገርኳቸውም።

እዚህ ላይ ቀልዱ ትንሽ ይቆማል፤ ምክንያቱም ክቡር ተቆጣጣሪው ልጅ አለቻቸው።

ልጃቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ጎበዝ፣ ቆፍጣና፣ አባቷን የምትወድ ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ቤቱን ታያለች፣ መድኃኒታቸውን ታያለች፣ የሳምንቱን እንቁላል በመያዣው ደርድረው ይሰጧታል፣ ይዛ ትሄዳለች። አንድ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተደግፈው የእንቁላሉን ነገር አጫወቱኝ።

«ባለፈው ደረጃው ላይ ወደቅኩ» አሉ። «ምንም አልሆንኩም። ልጄ ግን ሰማች። እኔ ጋ ትኖራለህ ብላ ያዘችኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤቷ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ተዋዋልን። ዶሮዎቼን ጠብቄ እንቁላል እስካስጣልኩ ድረስ እዚሁ ቤቴ እኖራለሁ። ዶሮ መጠበቅ ካቃተኝ ራሴንም መጠበቅ አቅቶኛል ማለት ነው፤ ያኔ ሳልከራከር እሄዳለሁ። ቅዳሜ እንቁላሉን ታያለች፤ ታልፈኛለች።»

«እዚያ ዶሮ አይፈቀድም?»

«ርግብ እንኳ አይፈቀድም» አሉ። ወደ ዶሮዎቻቸው ዞር አሉና «ደግሞስ እዚያ ማንን እቆጣጠራለሁ?» አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሁሉ ኦርጋኒክ፣ ያ ሁሉ ሽታና ቅምሻ፣ ያ ሁሉ «ዶሮዋን ጠይቃት» ለአስኳል ቀለም አልነበረም። ዶሮዎቻቸው አርጅተዋል። እሳቸው በሚችሉት ሁሉ አንድ ቅዳሜ ለመጨመር ነበር የሚታገሉት።

ብዙም ሳይቆይ ዶሮዎቻቸው ላባ መቀየር ጀመሩ፤ ተመላለጡ፣ አኮረፉ፣ መጣል አቆሙ። ማንም አልነገረኝም፤ ያወቅኩት በራሴ ከረጢት ነው። ተራውን መኖ ተሸክሜ በአጥሩ ሳልፍ ክቡርነታቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀስ አልኩ። ሳልኩ። ከረጢቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወርኩ። እንዲያውም በሲባጎ የተሰፋው አፉ እንዲታይ አዞርኩት።

«ደህና ዋልክ?» አሉኝ። ከዚያ በላይ ምንም አላሉም።

እቤት ገብቼ ለባለቤቴ «ተቆጣጣሪው ታመዋል» አልኳት። ያን ቀን ከረጢቴ ሳይፈተሽ መግባቱ እንዴት እንደከበደኝ ልነግራችሁ አልችልም።

የእሳቸው የእንቁላል መጣያ ሣጥን ከአጥሩ ሥር ነው ያለው። አጥሩ ደግሞ እዚያው ጋ አንድ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ «ነገ እጠግነዋለሁ» እያልኩ ያቆየሁት ስንፍናዬ ነው። በነጋታው ክቡርነታቸው ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ጠበቅኩና፣ የሥራ ሱሪዬን እንደለበስኩ በሆዴ ተኝቼ፣ ዐይኔን ከበራቸው ሳልነቅል ክንዴን በቀዳዳው አስገብቼ የዶሮዎቼን እንቁላል ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጥኩ። በማግሥቱም እንዲሁ። ቢሮ ስደርስ ሸሚዜ ላይ ያለውን ኩስ አለቃዬ አይቶ ምንድን ነው ቢለኝ ቀለም ነው አልኩት።

ሥራዬ ፍሬ አፈራ። ከሚገባው በላይ አፈራ። ክቡር ተቆጣጣሪው ከመቃብር የተነሡ ያህል ተነሡ፤ ሰፈሩም ዕረፍት አጣ። በየሄዱበት «የእኔን ዶሮዎች ተመልከቱ! አርጅተዋል፣ ላባ ቀይረዋል፣ ያም ሆኖ ይጥላሉ! ምክንያቱ ምንድን ነው? መኖ!» ይላሉ። መኖ ሻጯ ስትመዝንልኝ በአዘኔታ አየችኝ። «ጎረቤትህ ሰዉን ሁሉ ወደ ኦርጋኒክ አዛወሩት» አለች። «አንተ ብቻ ቀረህ።»

ይባስ ብሎ ለክቡርነታቸው ሣጥን ስል የእኔ ወጥ ቤት ከእንቁላል ጾመ። ይህም አላመለጣቸውም። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ጋ አረፋ ተቀብቼ ተቀምጫለሁ፤ ገቡ።

«ይኼው ምስክር!» አሉ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘርግተው። «ጎረቤቴ ነው። ወጣት ወጣት ዶሮዎች አሉት። ተራ መኖ አበላቸው፤ አቆሙ! የእኔ አሮጊቶች ይጥላሉ፣ የእሱ ኮረዶች አይጥሉም። ውሸት ነው?»

«እውነት ነው?» አለኝ አስተካካዩ።

«እውነት ነው» አልኩ። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

በገዛ እንቁላሌ ተመስክሮብኝ ተረታሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የተባለው ለእኔ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የቀረችኝ መጽናኛ አንዲት ብቻ ናት፤ በልቤ ውስጥ አስቀምጬ ማታ ማታ እስቅባት ነበር። እኚህ ሰው በየአደባባዩ የሚያወድሷቸው እንቁላሎች የተጣሉት በተራው መኖ ነው! በዚያ በመኖው ሬሳ! ደግሞ ሰሞኑን አንድ ሌላ ነገር አስተውያለሁ፤ ተራው መኖ በረከት አለው። እንደ ወትሮው ጣሳውን እሞላለሁ፣ ዶሮዎቹ ነካ ነካ አድርገው ይተዉታል፤ ከረጢቱ አልጎድል አለ። «ያጠግባል!» አልኩ ለራሴ። «ርካሽ ብቻ ሳይሆን ያጠግባል!» ስለዚሁ ጉዳይ ለጋዜጣው አንድ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ርዕስ እስከ ማውጣት ደርሼ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአጥሩ ሥር ተነሥቼ ጉልበቴን ሳራግፍ ባለቤቴ በመስኮቱ ብቅ ብላ እያየችኝ ነው።

«ና እስቲ ግባ» አለች።

ገባሁ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ውሉን፣ አራተኛ ፎቁን፣ ቀዳዳውን። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣና አፏን በምትሰፋው ቀሚስ ጫፍ ያዘች።

«ምን ያስቃል?»

«አንተ ሰው፣ ቀለሙን አይተኸዋል?»

«የምኑን?»

«የእንቁላሉን! የእኛዎቹ ቡናማ ነው የሚጥሉት። የእሳቸው ነጭ ነው። ያን ቀን ቅርፊቱን የለቀምኩት እኔ አይደለሁ?»

ቁጭ አልኩ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ማለት ይኼ ነው። ስንት ክርክር ተከራክረን፣ ስለ አስኳል ስንት ቃል አባክነን፣ ቅርፊቱን አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ያ ከዐይኑ ነጠብጣብ የማያመልጠው አራሚ፣ ነጭ እንቁላል ሲጣልበት በኖረ ሣጥን ውስጥ ቡናማ እንቁላል በእጁ ሲያስቀምጥ ከረመ። ክቡርነታቸውስ ዕድሜያቸው ነው፣ ዐይናቸው ደክሟል። ልጅቷ ግን መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀንና ሌሊት ክኒን በቀለም የምትለይ ሰው ናት! ያየች ቀን ነገሩ ያበቃለታል። ዶሮዎቹ መጣል ማቆማቸው ሳያንስ፣ አባቷ ሊያታልሏት እንደሞከሩ ይቆጠርባቸዋል። ያንን ደግሞ ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ቅዳሜ ነው። እኔ ስናዘዝ መጥታ፣ እኔ ስፈራ ጨርሳ እየወጣች ነው። በነጠላ ጫማ ሮጬ ደረስኩ።

የእንቁላል መያዣውን መኪናዋ ወንበር ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ሁሉም ቡናማ ነው። እንዴት እንደዚያ ቡናማ ሊሆን እንደቻለ እንጃ፣ ያን ቀን ዓለም ላይ ከዚያ የበለጠ ቡናማ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

«አባዬ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለችኝ ሰላምታዬን ሳትጠብቅ። «መኖው ኦርጋኒክ ስለሆነ የቅርፊቱን ቀለም ይቀይረዋል አለኝ። እንዴት ብዬ ብጠይቀው 'ዶሮዋን ጠይቂያት' አለኝ።»

«ሊ... ሊሆን ይችላል» አልኩ።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው ያደግኩት። እናቴ ከነዚሁ ዘር ዶሮዎች ነጭ እንቁላል ስታስለቅመኝ ነው የኖርኩት።»

መሸሽ አልቻልኩም። «ልትወስጃቸው ነው?» አልኳት።

ወደ ግቢው ዞር ብላ አየች። «ነጩ እንቁላል ሲመጣ ሳምንቱን ሙሉ ስጋት ነበር» አለች። «አንድ ቀን ዶሮዎቹ ጋ ወድቆ ቢቀርስ፣ ማን ያየዋል እላለሁ። ቡናማው ከመጣ ወዲህ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል። በየቀኑ እዚያ ሣጥን ጋ የሚደርስ ሰው አለ ማለት ነዋ።»

የመኪናዋን በር ከፈትኩላት።

«ታዲያ አታቋርጥ» አለችኝ መኪናዋን እያስነሣች። «ለእሱም ማወቄን እንዳትነግረው። የቀለሙን ነገር ሲያስረዳኝ ብታየው! እንደዚህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።»

አልነግራቸውም ብዬ ቃል ገብቼ፣ እንባዬን በእጅጌዬ አብሼ በጓሮ በኩል ዞርኩ። ክቡርነታቸው ምንም ሳያውቁ ሁላችንም ደግፈን እንደያዝናቸው አሰብኩና አሳዘኑኝ። እንደዚህ እያዘንኩላቸው ነው ያየኋቸው።

ከአጥሩ ማዶ፣ ቀዳዳው ጋ ቁጢጥ ብለዋል። ክንዳቸው በቀዳዳው በኩል ወደ እኔ ግቢ ገብቷል። መዳፋቸው ላይ መኖ አለ። ኦርጋኒኩ። ዶሮዎቼ በሙሉ፣ ያቺን ስፖንጅ በላተኛ ጨምሮ፣ መዳፋቸውን ከበው ይሻማሉ። የእኔ ተራ መኖ ጣሳው ውስጥ እንደ ሞላ ተቀምጧል።

«ጋሼ!»

ክቡር ተቆጣጣሪው አልደነገጡም። ተቆጣጣሪ አይደነግጥም።

«እነዚህ ዶሮዎች የማን ናቸው?» አሉኝ።

«የእኔ ናቸው።»

«እንቁላላቸውን የምትበላው ግን የእኔ ልጅ ናት። ልጄ ደግሞ የመኖ ሬሳ የበላች ዶሮ የጣለችውን እንቁላል አትበላም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው... እንደዚህ የሚያበሏቸው?»

«ሣጥኔ ውስጥ እንቁላል ካስቀመጥክበት ቀን ጀምሮ።»

በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛው የከረጢቴ በረከት ከየት እንደመጣ ነው። ሁለተኛው ያቺ ማታ ማታ የምስቅባት መጽናኛዬ መሞቷ ነው፤ ክቡርነታቸው በየአደባባዩ ያወሩት ሁሉ እውነት ነበር። እንቁላሎቹ የኦርጋኒክ ናቸው። እኔ ብቻ ነኝ የተሸወድኩት፣ ያውም በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ዶሮዎቼ።

«ያውቁ ነበር ማለት ነው» አልኳቸው።

መዳፋቸውን ከመኖው አራግፈው ዘረጉት፤ እንደ ድሮው። «ዕድሜዬን ሙሉ ትኬት ስቆጣጠር ኖሬ፣ ያለ ትኬት የተሳፈረ እንቁላል አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን አላወረዱትም?»

አመዳማዋ ዶሮ ባዶውን መዳፋቸውን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች።

«አማቴን ያወረድኩ ጊዜ ባለቤቴ ወሩን ሙሉ አላናገረችኝም» አሉ። «ተቆጣጣሪ አንዳንዴ አይቶ ማለፍ መቻል አለበት አለችኝ። ደንቡ አይፈቅድም አልኳት።» ሽቦውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ፤ እኔም በቀዳዳው ክንዳቸውን ደገፍኩ። «ዘንድሮ ነው የሰማኋት።»

ስለ ልጃቸው ምንም አላልኩም፤ ቃል ገብቻለሁ። እሳቸውም ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ ከመግባታቸው በፊት ብቻ ዞር ብለው «ቀዳዳውን እንዳትጠግነው» አሉኝ።

ባለፈው ሰሞን መኖ መሸጫው ገባሁ። ሻጯ «ዛሬስ ልብህ ተመለሰ?» አለችና እጇን ኦርጋኒኩ ላይ ጫነች። ያቺን ደስተኛ ዶሮ አየኋት። ዶሮዎቼ የሚበሉት እሱን ነው፤ እንቁላሉ የሚጣፍጠው በእሱ ነው፤ ክርክሩንም ከነፍልሚያው፣ ከነምስክሩ ተሸንፌያለሁ። ብገዛው ማንም አይስቅብኝም።

«ተራውን» አልኳት።

ተሸክሜው ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቶች ቆመዋል። ገና አጥራችን ጥግ ስደርስ በረንዳው ላይ አንድ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«ቁም! ምንድን ነው ያሸከሙህ?»

ከረጢቱን ከትከሻዬ አወረድኩና አፉን ፈታሁላቸው።